ረዥሙ ሰሌዳ፣ ቀላሉ ነፋስና እኛ አያቶች

በዚህ ዓምድ ስለ ጨው፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወገብ ሕመምና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ውኃ ልወስዳችሁ ነው። «ይኼ የፈረንጅ ጨዋታ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። የልጅ ልጆቻችሁ በውጭ አገር የሚያድጉ ከሆነ፣ ወይም እዚሁ ሆነው በዕረፍት ጊዜ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርዱ ከሆነ ግን ጉዳዩ የእናንተም ነው። «ውኃ ልግባ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣባችኋል። ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

እኔ ዘንድ ጥያቄው የመጣው ባለፈው ክረምት፣ ሎስ አንጀለስ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው። የልጅ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አያት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሸራ የተተከለበት የውኃ ሰሌዳ አላቸው። ጨዋታው ዊንድሰርፊንግ ይባላል። ጓደኛዋ ሰሌዳው ላይ ቆማ ስትነዳ አይታ መጣችና ቤቱን ቀውጢ አደረገችው። ልጄ አንድ ማታ ቡና እያፈላን ጠጋ አለችና፣ «እማዬ፣ አንቺ ነርስ ነሽ፤ ያንቺን ቃል ትሰማለች። እባክሽ እምቢ በይልኝ» አለችኝ።

ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1985 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ከሐይቅ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የክፍል ጓደኛዋን ተሸክመው አመጡልን። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሐይቁ ዳር የነበሩት ሰዎች ውኃው ይውጣለት ብለው በእግሩ ዘቅዝቀው ይዘውት ቆይተዋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። «ስንት ጊዜ አትሂድ ብዬው ነበር!» እያለች እናቱ ስትጮህ ዛሬም ይሰማኛል።

ያች እናት እውነቷን ነው፤ ደጋግማ ነግራዋለች። ልጁ ክልከላ አልጎደለውም። ያጣው ዋና የሚያስተምረውን፣ ጥልቁ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳየውን፣ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ልጅን «አትሂድ» የምትል ቃል ብቻዋን ከዚያ ሳቅ አታስጥለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ገልጿል። ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች መካከል ሕፃናት ወደ ውኃ እንዳይደርሱ ማጠር፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ዋናና የውኃ ጥንቃቄ ማስተማር፣ አዋቂዎችን ደግሞ በነፍስ አድን ሥራ ማሠልጠን ይገኙበታል። ለትንሹ አጥር፣ ለትልቁ ትምህርት ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጄ እሺም እምቢም አላልኳትም። «መጀመሪያ ሰሌዳውን ልየው፤ ሰውየውንም ላነጋግራቸው፤ ከዚያ እንመካከራለን» አልኳት።

ሰሌዳው ምን ዓይነት ነው?

ቦታው ማሪና ዴል ሬይ ይባላል። የእኛ ሰዎች ከሚሰባሰቡበት፣ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና በመኪና ብዙም አይርቅም። በጀልባ ማቆሚያው ወደብ ውስጥ የተከለለች ትንሽ አሸዋማ ዳርቻ አለች። የውቅያኖሱ ማዕበል ስለማይደርስባት እናቶች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰዉም «የእናቶች ዳርቻ» ይላታል።

የጨዋታው ታሪክም ከዚሁ ወደብ ጋር የተያያዘ ነው። ኒውማን ዳርቢ የተባለ የፔንስልቬንያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ መጽሔት ላይ ባለ ሸራ ሰሌዳ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቶ ነበር። በ1967 ደግሞ ጂም ድሬክ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ከወዳጁ ከሆይል ሽዋይዘር ጋር ሆኖ ያሰበውን ሰሌዳ ማሪና ዴል ሬይ ላይ ሞከረው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዊንድሰርፊንግ ከዚያ ተነሣ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ባዘጋጀችው ኦሊምፒክ ለወንዶች፣ በ1992 በባርሴሎና ደግሞ ለሴቶች የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

የአሠራሩ ቁልፍ የሸራው ምሰሶ ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ምሰሶው እንደ ጀልባ ምሰሶ የተቸነከረ አይደለም፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንደልቡ ይተኛል። ጋራዥ የሚሠሩ ልጆቻችሁን «ክሮቸራ» ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ወዲያው ያስረዷችኋል፤ ሐሳቡ ያው ነው። መሪም መቅዘፊያም የለውም። በእጅ የያዙትን ሸራ ወደ ፊት ሲያዘነብሉት የሰሌዳው አፍንጫ ከነፋሱ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት ወደ ነፋሱ ይዞራል።

አስተማሪው ያላቸው ዊንድሰርፈር ኤልቲ የሚባለው፣ የዚያ የ1960ዎቹ ሰሌዳ የዘመኑ ልጅ ነው። ርዝመቱ እንደ አባቱ 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ 15 ኪሎ ግራም ያህል፣ ሸራው 5.7 ካሬ ሜትር፣ የሰሌዳው ይዘት ደግሞ 228 ሊትር ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። አንድ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ ያህል ተሸክሞ መንሳፈፍ ማለት ነው። የሰሌዳውንና የሸራውን ክብደት ቀንሱ፤ 75 ኪሎ የሆንኩትን እኔንም ቀንሱ፤ ገና ከመቶ ኪሎ በላይ ይተርፈዋል። ልጅ ብትቆምበትማ ቅንጣት አይከብደውም።

ከሆዱ ሥር ወደ ውኃው የሚወርድ፣ ሰፊ ቢላዋ የሚመስል ክንፍ አለው። ነፋስ ሰሌዳውን ወደ ጎን እንዳይገፋው ይይዛል፣ ያረጋጋዋልም። ውኃው ጥልቀት ሲያጣ ወይም ነፋሱ ሲበረታ በእግር ገፋ አድርገው ያጥፉታል። ሰውየው «ይህ ሰሌዳ ሁሉን ቻይ ነው» ያሉኝ በምክንያት ነው። ሸራውን ነቅለው መቅዘፊያ ይዘው ቢቆሙበት እንደ ታንኳ ይቀዘፋል፤ ትንሽ ሸራ ቢተክሉበት ልጅ ይማርበታል፤ ትልቁን ሲመልሱ አዋቂ ይወዳደርበታል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ያያችሁት፣ ከውኃው ከፍ ብሎ የሚበረው ሰሌዳ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለጎበዞች ይቆይ።

ለስላሳው ነፋስ አስተማሪ ነው

የልጅ ልጄ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይፈጥናል?» ብላ ነው። ሰውየው ሳቁና «እንዳይፈጥን ነው የምንፈልገው» አሏት። ነገሩን እንዲህ አስረዱን። ቀላል ነፋስ ሲነፍስ ሸራው በእጅ ላይ አይከብድም፤ ቢያመልጥም ቀስ ብሎ ይወድቃል። ውኃው ዝርግ ይሆናል። ተማሪው ምን እንዳደረገና ሰሌዳው ምን እንደመለሰለት ለማስተዋል ጊዜ ያገኛል። በብርቱ ነፋስ የጀመረ ልጅ የሚማረው መንገዳገድን ነው። አጭርና ጠባብ ሰሌዳ በቀላል ነፋስ ሰው ተሸክሞ መቆም ያቅተዋል፤ ረዥሙ ግን ትንፋሽ በምታህል ነፋስ እንኳ ይሄዳል።

ነፋስ መለኪያ ባይኖራችሁም ዛፍ ይነግራችኋል። ፊታችሁ ላይ ነፋሱ ከተሰማችሁና ቅጠል ከተንሾካሾከ በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ቅጠሉና ቀጭኑ ጭራሮ ሳያቋርጥ ከተወዛወዘ ከ12 እስከ 19 ነው። እስከዚህ ለጀማሪ ይሆናል። አቧራ ከተነሣና ትንንሽ ቅርንጫፍ ከተንቀሳቀሰ ከ20 አልፏል፤ ያን ቀን ልጆቹ አሸዋ ላይ ይጫወቱ።

ከፍጥነቱ ደግሞ አቅጣጫው ይበልጣል። ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍስ ነፋስ ዳር ላይ ሆነው ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ ውኃውንም ጸጥ ያደርገዋል። ተማሪውን ግን ሳይታወቀው ወደ መሃል ይወስደዋል። ለጀማሪ የሚሻለው ዳርቻውን ተከትሎ ወይም በሰያፍ ወደ ዳር የሚነፍሰው ነው። ነፋሱ ጨርሶ ቢቆምም መላ አለው፦ ሸራውን አውርዶ ሰሌዳው ላይ ማስተኛትና ተንበርክኮ በእጅ እየቀዘፉ መመለስ ነው። አንድ ሕግ ግን አይሻርም፦ ምንም ቢመጣ ሰሌዳውን ትቶ መዋኘት የለም። ሰሌዳው አይሰጥምም፤ ከሩቅም ይታያል።

መጀመሪያ ዋና

ይህን ሁሉ ሰምቼ ቤት ስንመለስ ለልጅ ልጄ ሦስት ነገር አስቀመጥኩላት። አንደኛ፣ ስምንት ሳምንት ዋና ትማሪያለሽ። ሁለተኛ፣ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሺ እግርሽ ውኃ አይነካም። ሦስተኛ፣ ዋና የሚችል አዋቂ ዳር ሳይቆም አትገቢም። አኩርፋ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ኩርፊያውን ረሳችው።

ላይፍ ጃኬት ሲባል በልክ መሆን አለበት። ልጁን አልብሳችሁ፣ መቆለፊያውን ሁሉ ቆልፋችሁ፣ ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው። «ያድጋል» ተብሎ የሚገዛ ጫማ እንጂ ላይፍ ጃኬት አይደለም። በአፍ የሚነፋ ፕላስቲክ ጎማም መጫወቻ ነው፤ ነፍስ አያድንም።

የኔ ተራ

ልጅ የምትወስደውን ሽሮፕ ቀምሼ መስጠት የቆየ ልማዴ ነው። ዋና ከዚያ ልጅ ሞት በኋላ እዚያው ሐይቅ ዳር ተምሬአለሁ። የደም ግፊቴ በመድኃኒት ተስተካክሏል፤ ሐኪሜንም አማክሬአለሁ። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ከልጅ ልጄ ፊት እኔ ሰሌዳው ላይ ወጣሁ። ጧት የመረጡልን ሰውየው ናቸው፤ እዚያ አካባቢ የባሕሩ ነፋስ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው።

መጀመሪያ አሸዋ ላይ አለማመዱኝ። ከዚያ ወገብ የሚደርስ ውኃ ውስጥ ገብቼ፣ ሰሌዳው ላይ ተንበርክኬ፣ ቀስ ብዬ ቆምኩ፤ አንዱ እግር ከምሰሶው ፊት፣ ሌላው ከኋላው። ሸራው ውኃ ላይ ተኝቷል፤ ከምሰሶው የታሰረ ወፍራም ገመድ አለው። «ጉልበትዎን ያጥፉ፤ ጀርባዎን ቀጥ ያድርጉ፤ በወገብዎ አይጎትቱ፤ ክብደትዎን ወደ ኋላ ይልቀቁ» አሉኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ይህን ቃል በቃል ለስንት ተማሪ ነርስ ተናግሬዋለሁ! በሽተኛን ከአልጋ የምናነሣው እንዲሁ ነው።

ሸራው መጀመሪያ ውኃ የጠጣ ጋቢ ከገንዳ እንደማውጣት ከበደኝ። ውኃው ሲንጠፈጠፍ ግን ቀለለ። መያዣውን በሁለት እጄ ያዝኩና ጠጋ ሳደርገው ሰሌዳው ያለ ድምፅ መሄድ ጀመረ። ፍጥነቱ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤቴ ከምራመደው አይበልጥም። ሁለት ጊዜ ውኃ ውስጥ ተቀመጥኩ። አወዳደቁም ትምህርት አለው፦ በራስ ወደ ፊት መወርወር የለም፤ ወደ ኋላ ጠፍጠፍ ብሎ መውረድ፣ ብቅ ሲሉ ምሰሶው እንዳይመታ ክንድን ከራስ በላይ መያዝ።

ቀጥሎ ለልጅቷ ትንሽ ሸራ ተተከለላት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሄዳ፣ ዞራ፣ የተነሣችበት ቦታ ተመለሰች። እናቷ ዳር ላይ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል ታያት ነበር። ስትመለስ እልል አላለችም፤ አላለቀሰችምም። በመኪና ስንመለስ ግን፣ «እማዬ፣ ብትወድቅ እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ? እኔኮ ዋና አልችልም» አለችኝ። በሳምንቱ ለአዋቂዎች በሚሰጠው የዋና ትምህርት ተመዘገበች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

ለዕድሜ እኩዮቼ

ሰሌዳ ላይ መቆም ሚዛን መጠበቅ ነው፤ ሚዛን ደግሞ በእኛ ዕድሜ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲያደርጉ ይመክራል። ባሕር የሌለው ወንበር አለው፦ የወንበር ጀርባ ይዛችሁ በአንድ እግር እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ከዚያ እግር ቀይሩ። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ፀሐይ ላይ ስትውሉ ቶሎ ውኃ ሊያጥራችሁና ስትነሡ ሊያዞራችሁ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትሞክሩት። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ አይግባ፤ የውኃ ጫማ ያድርግ። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም» የሚለውም እውነት አይደለም፤ ከውኃ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ቆዳንም ዓይንንም ይጎዳል።

አንድ ሰው ቢሰምጥ

የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉ ከውኃው እኩል ሆኖ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ዋና የማይችል ሰው ዘሎ ከገባ ሁለት አስከሬን ይሆናል። ዱላ ዘርጉለት፤ ገመድ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ወርውሩለት፤ እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ።

ከወጣ በኋላ ዘቅዝቆ መያዝ፣ ሆድ መጫን ክልክል ነው፤ ጊዜ ይገድላል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በጀርባው አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ በአፉ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ ደረቱን በመጫን 30 ጊዜ ተጭናችሁ 2 ትንፋሽ እየሰጣችሁ ቀጥሉ። የሰመጠን ሰው የገደለው የአየር እጦት ስለሆነ ትንፋሹ አይዘለልም። የተነፈሰም ቢሆን ሐኪም ይየው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ

የእናቶች ዳርቻ ማዕበል ባይኖራትም የታሰረ ውኃ ስለሆነች ንጽሕናዋ አንዳንዴ ይጓደላል። የካውንቲው ጤና ቢሮ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል፤ ከዝናብ በኋላም የከተማው ጎርፍ ስለሚገባ 72 ሰዓት ባሕር አትግቡ ይላል። እኛም አገር ከከተማ ቦይ የሚቀበል ሐይቅ በክረምት እንዲሁ ነው።

የባሕር ውኃ የሌለው የእኛ ጣጣ ቢልሃርዝያ ነው። ጥገኛው ትል የሚኖረው በጣፋጭ ውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ የሚገባውም በቆዳ በኩል ነው። በጣና ዳርቻ በደንብ ይታወቃል። ላንጋኖ ከዚህ ነፃ ነው እየተባለ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን መድኃኒት አለው። አዞና ጉማሬ ያለበትን ውኃ ደግሞ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትርገጡ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ምሰሶ ይዞ ውኃ ላይ መቆም የለም፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ረዥሙ ሰሌዳ በአገራችን በየሐይቁ ዳር አይገኝ ይሆናል። ታንኳ አለ፣ ጀልባ አለ፣ የሆቴል ዋና ገንዳም አለ። ለሁሉም መንገዱ ይኸው ነው፦ ሰፊና የማይገለበጥ ነገር፣ ለስላሳ ነፋስ፣ በልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ ዳር ላይ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያስቀመጠ አዋቂ። ልጁ «ልግባ?» ሲል «ና፣ መጀመሪያ ዋና እንማር» በሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ የጉልበት ቁርጥማት እንጨዋወታለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱልኝ።